ከአስፋልቱ በፊት ደረጃው

ሰኔ ሲቃረብ ስለ ከተማ በጀት ማሰብ ይቀናኛል። ብዙ ሰው የበጀት ነገር ደረቅ ይመስለዋል። ለእኔ ግን አንድ ከተማ ማንን እንደሚያስቀድም ቁልጭ ብሎ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በንግግር ሁሉም ነዋሪ እኩል ነው። ሐምሌ 1 ለሚገባው ዓመት ብር ሲደለደል ግን ማን እንደቀደመ፣ ማን «ለሚቀጥለው ዓመት» እንደተባለ ይለያል።

ደሴ ውስጥ ስለ ከተማው ችግር ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም። «መንገዱ ጠቧል፣ ይስፋልን!» ይባላል። ጥያቄው ከባዶ አልመጣም። በሥራ መውጫ ሰዓት ከፒያሳ በሚኒባስ የተነሳ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ሹፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ባጃጁ በጎን ይገባል፣ የጭነት መኪናው መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ ሁሉም ይናደዳል። በዚያ ሰዓት «ይስፋ» የማይል ማን አለ?

እኔ ግን ይህን ጥያቄ አልደግፍም። ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ ያላቸውን ጥቂት ብር መጀመሪያ ማዋል ያለባቸው በእግሩ ለሚሄደው፣ ታክሲ ለሚጠብቀውና ቦታው በሚፈቅድበት ደግሞ ሳይክል ለሚነዳው ነው። መኪና ማስተላለፊያውን ማስፋት ከዚያ በኋላ ይምጣ። ምክንያቴን ልናገር።

ከከተማዋ አቀማመጥ ልጀምር። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ፣ በጦሳና በአዝዋ ገደል መሀል ተጨምቃ የተቀመጠች ረጅም ከተማ ናት። ዋና መንገዷም ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አገር አቋራጭ መንገድ ነው። ጣልያን በወረራው ዘመን መኪና እንዲያልፍበት አድርጎ ሠራው፤ ከተማዋም ግራና ቀኙን ይዛ አደገች። ዛሬ ያንን መንገድ ማስፋት ማለት ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ሱቅና ቤት ማፍረስ ነው፣ ወይ ተራራውን መቁረጥ ነው። ተራራ መቁረጥ ደግሞ ደሴ ላይ ቀልድ አይደለም። የመሬት መንሸራተት የአካባቢው የቆየ ችግር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ዳገት ላይ ያለ ቤተሰብ ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ይፈልጋል። የተቆረጠ ዳገት የድጋፍ ግንብ ይፈልጋል፣ ግንቡ የውኃ መውረጃ ይፈልጋል፣ የውኃ መውረጃው በየዓመቱ መጠረግ ይፈልጋል። በመጨረሻ ብሩ የሚያልቀው ግንቡ ላይ ነው። የተገኘው ግን ለጥቂት መኪኖች የምትሆን ስፋት ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ መንገዱ ላይ ያለው ማን እንደሆነ እንይ። ጠዋት ወጥቶ ማየት ብቻ ይበቃል። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች፣ ልጅ ያዘሉ እናቶች፣ ወደ ሆስፒታል የሚሄዱ ሕሙማንና አስታማሚዎች፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌዎች። ሰኞ ከሆነ ደግሞ ወደ ሰኞ ገበያ ከየገጠሩ የሚጎርፈው ሰውና አህያ ይጨመራል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለ፤ ተሽከርካሪው ግን ከአንድ ሚሊዮን ብዙም አይርቅም። በዓለም ላይ መኪና ካነሰባቸው አገሮች አንዷ ነን። የአገሪቱን መኪና ሁሉ የምትስበው አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው። ደሴ ላይ ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ እግረኛ የት ነው የሚሄደው? የእግረኛ መንገድ የተባለው ላይ አሸዋ ተቆልሏል። ከአሸዋው ቀጥሎ መኪና ቆሟል። ከመኪናው ቀጥሎ ክዳን የሌለው ቦይ አፉን ከፍቷል። እግረኛው ወደ አስፋልቱ ይወርዳል። ከዚያ ሹፌሩ «እግረኛ መንገድ ዘጋብኝ» ይላል። መንገዱን ያጠበበው አንዱ ነገር እኮ ይህ ነው! እግረኛው የራሱ የሆነ ንጹሕ መተላለፊያ ቢኖረው አስፋልቱ አንድ ሜትር ሳይጨመርበት ይሰፋ ነበር። አገራችን ውስጥ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞች መሆናቸውም ከዚህ የተለየ ታሪክ አይደለም።

ከአስፋልቱ ወጣ እንበል። የደሴ ትልቁ ሕይወት ያለው ከዋናው መንገድ ሳይሆን በላይና በታች ባሉት ዳገቶች ላይ ነው። አክስቴ የምትኖረው ከጦሳ ሥር፣ መኪና በማይደርስበት ሰፈር ነው። ወደ ቤቷ የሚያስወጣው መንገድ በጋ ላይ አቧራና ጠጠር ነው፣ ክረምት ላይ ጎርፍ ነው። ውኃው የራሱ ቦይ ስለሌለው የሰውን መንገድ ይወስዳል። አክስቴ ጉልበቷን ያማታል። ዝናብ ካባራ በኋላ ከቤት ለመውጣት መሬቱ እስኪጠነክር ትጠብቃለች። ለቅሶ ቢሆን ትጠብቃለች፣ ሕክምና ቀጠሮ ቢሆን ትጠብቃለች፣ ዘካ የሚሰጥበት ቀን ቢሆን ትጠብቃለች። «አብሽር ልጄ፣ ለመድነው» ትለኛለች። መልመዷ ነው የሚያንገበግበኝ።

አንድ ክረምት ጎረቤቷ ምጥ ይዟት በቃሬዛ ሲያወርዷት አይቻለሁ። አራት ወጣቶች ተሸክመዋል፣ ሌሎች ከፊት ሆነው እግር የሚረግጥበትን ይመርጣሉ። ከላይ በጨርቅ ሸፍነዋታል። ጭቃው ያንሸራትታል፣ አንዱ ሲንሸራተት ሁሉም ይጮሃሉ። አስፋልቱ ዳር ሲደርሱ ባጃጅ ቆሞ እየጠበቀ ነበር። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ለመድረስ ጊዜ አልወሰደባቸውም። የጉዞው ከባዱ ክፍል አስፋልቱ ላይ አልነበረም። ያቺ እናት የሚያስፈልጋት ከታች ያለው መንገድ ሁለት እጥፍ እንዲሆን አልነበረም። የሚያስፈልጋት የድንጋይ ደረጃ፣ በጎኑ የብረት መደገፊያ፣ ከሥሩ የውኃ መውረጃ እና ሁለት ሦስት መብራት ነበር።

የዚህ ዓይነት ሥራ ውበቱ ደግሞ ገንዘቡ የሚሄድበት ነው። ድንጋዩ ከዚሁ ከተራራው ይወጣል። ኮብልስቶን በመላ አገሪቱ ሲነጠፍ ድንጋይ መጥረብና ማንጠፍ የተማሩ ወጣቶች ሰፈሩ ውስጥ አሉ፣ ዛሬ ብዙዎቹ ሥራ ፈትተው ቁጭ ብለዋል። ለደረጃ የወጣ ብር ማታውኑ ተመልሶ የሰፈሩ ሱቅ ይገባል። አስፋልት ግን ሬንጅ ይፈልጋል፣ ሬንጁ ከውጭ በዶላር ይገዛል፣ ማንጠፊያው ማሽን በኪራይ ይመጣል። በ2014 ጦርነት ከተማችን ምን ያህል እንደተጎዳች የምናውቅ ሰዎች እያንዳንዱ ብር የት እንደሚገባ ብንጠይቅ አይፈረድብንም።

ዳገት ላይ ስላለ ሰው ያሰበ ከተማ ሌላ ቦታም አለ። ኮሎምቢያ ውስጥ ሜዴሊን የምትባል ከተማ አለች፣ እሷም በተራሮች መሀል ያለች። ድሆቹ ሰፈሮች ዳገቱ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ዳገቱ የሚወጣ የኬብል ትራንስፖርት ከከተማው ባቡር ጋር አገናኙ። በ2011 ደግሞ ኮሙና 13 በሚባለው ሰፈር በድምሩ 384 ሜትር የሚሆን በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ሠሩ። እኛ ኤሌክትሪኩ ይቅርብን። የማይንሸራተት ደረጃ ብቻ ይበቃናል። ከእነሱ የምወደው ሐሳቡን ነው። የትራንስፖርት በጀት ይዘው መኪና ወደሌለው ሰው ቤት ወጡ።

«ቢሰፋ ግን መጨናነቁ ይቀር ነበር» የሚለውን ሐሳብ እንመልከተው። በዓለም ላይ በተደጋጋሚ የታየው ተቃራኒው ነው። የሰርግ ድንኳን ሲሰፋ የሚጠራውም ሰው እንደሚበዛው፣ መንገድም ሲሰፋ መኪናው ይበዛል። ትናንት መጨናነቁን ፈርቶ በእግሩ የሄደው ዛሬ መኪናውን ያወጣል። ጠዋት ማልዶ ይሄድ የነበረው ሰዓቱን ወደ ሁሉም ሰው ሰዓት ይመልሳል። አሜሪካ ሂውስተን ውስጥ ካቲ ፍሪዌይ የሚባለው አውራ ጎዳና ማስፋፊያው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያልቅ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ ነበር። በአንዳንድ ቦታ የጎን መንገዶቹን ጨምሮ 26 መስመር ደርሷል። ብዙም ሳይቆይ፣ በ2011 እና በ2014 መካከል፣ በመንገዱ ላይ የሚፈጀው ጊዜ ጠዋት በ30 በመቶ፣ ማታ በ55 በመቶ ጨመረ። ዱራንተንና ተርነር የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት የአሜሪካ ከተሞች አውራ ጎዳና በጨመሩ ልክ የሚነዳው ርቀትም አብሮ እንደሚጨምር አሳይተዋል። 26 መስመር ያልበቃው ነገር በጦሳና በአዝዋ መሀል አራት መስመር ይበቃዋል?

ሌላም ቁጥር አለ። የሰሜን አሜሪካ ከተሞች የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ማኅበር ባወጣው መመሪያ መሠረት ሦስት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አንድ መስመር ለቤት መኪና ቢሰጥ በሰዓት ከ600 እስከ 1,600 ሰው ያሳልፋል። ያው መስመር ለአውቶቡስ ብቻ ቢከለል ከ4,000 እስከ 8,000 ሰው ያሳልፋል። ለእግረኛ ቢሰጥ 9,000 ይደርሳል። ቦታ ለሌላት ከተማ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይቀርባል? የሰፋ ቦታ ያለው ከተማ ቦታውን ቢያባክን የራሱ ጉዳይ ነው፣ እኛ ግን የሚባክን ሜትር የለንም።

ደግሞ የደሴ ቅርጽ ለአውቶቡስ የተመቸ ነው። ከተማዋ ረጅምና ቀጭን ስለሆነች አንድ መስመር ላይ የሚመላለስ አውቶቡስ አብዛኛውን ሕዝብ በቅርብ ያገኘዋል። ክብ ሆነው የተንሰራፉ ከተሞች ይህን አያገኙም። ግን አውቶቡስ ከመግዛት በፊትም ሊሠራ የሚችል ነገር አለ። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ በዚህ ጉዳይ ያወጋኝ አይረሳኝም። «ወንድሜ፣ መንገዱ ቢሰፋልኝ እኮ ያው ነው» አለኝ። «የምጭንበትና የማወርድበት ቦታ ስጠኝ። አሁን ሰው ለማውረድ መሀል ላይ ነው የምቆመው፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይቆማል። ትራፊክ ይቀጣኛል፣ ተሳፋሪው ይቆጣኛል። የት ልቁም ታዲያ?» ወላሂ እውነቱን ነው። ከአስፋልቱ ገባ ያለ ፌርማታ፣ ጣራና መቀመጫ ያለው መጠበቂያ፣ የታወቀ መስመርና ታሪፍ፤ ይህ ሁሉ ሲደመር አንድ ኪሎ ሜትር ከማስፋት በብዙ ያነሰ ወጪ ነው። የደሴን ዝናብና ብርድ የሚያውቅ ሰው የመጠበቂያ ጣራን እንደ ቅንጦት አያየውም።

የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታም እዚህ ላይ ትጠቀሳለች። ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር አካባቢ ያለች ከተማ ናት፣ ከደሴ ብዙም አትለይም። እ.ኤ.አ. በ1998 ከንቲባ የሆነው ኤንሪኬ ፔኛሎሳ በድልድይ ከፍ ብለው የሚያልፉ አውራ ጎዳናዎች ይሠሩ የሚለውን ዕቅድ አልቀበልም አለ። በምትኩ ገንዘቡን ለእግረኛ መንገድ፣ ለሳይክል መንገድ፣ ለመናፈሻና ለአውቶቡስ አዋለው። የራሱ መስመር የተከለለለት ትራንስሚሌኒዮ የተባለው አውቶቡስ በ2000 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። መኪና ያላቸው ሰዎች በጣም ተቆጥተው ነበር። ዛሬም አውቶቡሱ ራሱ ይጨናነቃል፣ ሕዝቡም ያማርራል። ቢሆንም ከሀብታም አገር የተቀዳ ሐሳብ አይደለም። ገንዘቡ ጥቂት የነበረ ከተማ የመረጠው ምርጫ ነው።

ወደ ኮምቦልቻ እንውረድ። በዶሮ መዝለያ በኩል ስንወርድ አየሩ ይሞቃል፣ መሬቱም ይሰፋል። 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ብዙ ሜዳ ያላት ከተማ ናት። እዚያ ሳይክል የማይሠራበት ምክንያት የለም። እኔ ኮምቦልቻ በሠራሁበት ጊዜ ሁሌ ዓይኔ የሚያርፈው ከፋብሪካ በሚወጡት ልጆች ላይ ነበር። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተመረቀ። ጨርቃ ጨርቁና ቢራ ፋብሪካው ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩ ናቸው። ማታ ፈረቃ ሲያበቃ ወጣት ሴቶች በቡድን ሆነው በጨለማ ይሄዳሉ። የሚቧደኑት ለጨዋታ አይደለም። ብቻቸውን መሄድ ስለሚፈሩ ነው። ከደመወዛቸው ላይ በየቀኑ ለባጃጅ ቢከፍሉ የቤት ኪራዩ ይጎድላል። ለእነሱ የተከለለ የእግርና የሳይክል መንገድ ከመብራት ጋር መሥራት የከተማው ትልቁ የትራንስፖርት ፕሮጀክት መሆን ነበረበት። አንድ ሳይክል መግዣ ብድር ቢመቻችላቸው ደግሞ የነዳጅ ወረፋም የታሪፍ ጭማሪም አያገኛቸውም።

የሚቃወሙኝን ሰዎች አከብራለሁ። ሰፈራችን ያሉ አንድ አባት «ልጄ፣ መንገድ ከሌለ ልማት የለም፣ ደሴን ደሴ ያደረጋት መንገድ ነው» ብለውኛል። አባባ ልክ ናቸው። ከጅቡቲ ተነስቶ በሚሌና በባቲ ኮምቦልቻ የሚገባው ጭነት መንገድ ይፈልጋል። አምቡላንስ መንገድ ይፈልጋል። ጭራሽ መንገድ ያልገባለት ሰፈርም የመጀመሪያውን ኮረኮንች ማግኘት አለበት። ይህን አልቃወምም። ነገር ግን የአገር አቋራጭ ጭነት የፌዴራል መንግሥት ሥራ ነው፣ የፌዴራል ገንዘብም አለው። ከአዋሽ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው የባቡር መስመርም ለጭነቱ ታስቦ ነበር የተሠራው። የከተማው ምክር ቤት ትንሽ ኪስ ግን የነዋሪው ነው። ያችን ኪስ አዲስ መስመር ለመጨመር ማራገፍ ነው የምቃወመው።

«አሁን እኮ የኤሌክትሪክ መኪና መጥቷል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከልክሏል። ለአየሩም ለዶላሩም ጥሩ ነው። ግን የኤሌክትሪክ መኪናም አስፋልት ላይ የሚይዘው ቦታ ያው ነው። ሲቆምም የእግረኛ መንገድ ላይ ነው የሚቆመው።

የኮሪደር ልማት ወደ እኛም ከተሞች መጥቷል። ሰፋ ያለ የእግረኛ መንገድና መብራት ማየት ደስ ይለኛል፣ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ማታ ፒያሳ ላይ ወክ የሚያደርጉ ቤተሰቦችን ሳይ ከተማዬ የተመለሰችልኝ ያህል ይሰማኛል። ስጋቴ ሥራው ዋናው መንገድ ዳር ላይ እንዳይቆም ነው። እግረኛው ከዋናው መንገድ ወጥቶ አንድ ቅያስ ሲታጠፍ ጭቃ ከጠበቀው ገና ቤቱ አልደረሰም። ለልማቱ ተነስቶ ራቅ ወዳለ ቦታ የሄደ ቤተሰብም ከአዲሱ ቤቱ ወደ ሥራውና ወደ ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው ትራንስፖርት ከቤቱ እኩል መታሰብ አለበት።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የእኔ የግል ምኞት ብቻ አይደለም። አገሪቱ ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚቆይ ሞተር አልባ ትራንስፖርትን የሚመለከት ብሔራዊ ስትራቴጂ አላት። ከዚያም በፊት በእኛ አቆጣጠር በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ሕዝቡ ሲራመድባቸው አይተናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ደግሞ አገሮች ከትራንስፖርት በጀታቸው ቢያንስ 20 በመቶውን ለእግረኛና ለሳይክል እንዲመድቡ መክሯል። 20 በመቶ! እኔ ግማሹን ብል አይግረማችሁ፣ ምክንያቱም በእግሩ የሚሄደው ሕዝብ ከግማሽ በላይ ይመስለኛል። ለጊዜው ግን 20 በመቶውም ይምጣልን።

ዘንድሮ የበጀት ውይይት ላይ ሰው ከጠየቀኝ የምለው አጭር ነው። በረቂቁ ውስጥ «መንገድ» ተብሎ በአንድ ላይ የተጠቀለለው ይፈታ። ስንት ብር ለአስፋልት፣ ስንት ብር ለደረጃ፣ ስንት ለቦይ ክዳን፣ ስንት ለፌርማታ፣ ስንት ለመንገድ መብራት እንደሆነ ለየብቻው ይጻፍልን። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና ገበያ አጠገብ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ማድረጊያ ጉብታና ዜብራም በዝርዝሩ ይግባ። የትኛው ሰፈር ደረጃ መጀመሪያ እንደሚሠራም ቀበሌው ከነዋሪው ጋር ተቀምጦ ይወስን፤ ክረምት ላይ ሰው በቃሬዛ የሚወርድባቸውን ዳገቶች የሰፈሩ ሰው አንድ በአንድ ያውቃቸዋል።